«ሃሪ»ን ስንጠቀም የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ያሉ ተማሪዎችም ሆኑ መንዝ ጓሳ ላይ ቱሪስት የሚያስጎበኙ ወጣቶች «ፍጠን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ «ሃሪ አፕ» ቶሎ ይለምዷታል። አጭር ናት፣ ለአፍም ትቀላለች። አጠቃቀሟ ላይ ግን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። ቢታረሙ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የመጀመሪያው፣ ሰው ያስቀይማልና።

ለማንም «ሃሪ አፕ» ማለት

እኛ ልጁን «ፍጠን»፣ ትልቁን ሰው «ይፍጠኑ» እንላለን። አክብሮቱ ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን አንተና እርስዎን አይለይም። ስለዚህ «ሃሪ አፕ» ለሁሉም የሚሆን ይመስለናል። አይሆንም፤ ትእዛዝ ነው። እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ቢለው ችግር የለውም። ጓሳ ላይ ፎቶ የሚያነሱ አዛውንት እንግዳ «ሃሪ አፕ» ሲባሉ ግን የተገላመጡ ያህል ሊሰማቸው ይችላል። «ፕሊዝ» መጨመርም ብዙ አያድንም፤ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ያስመስላል። የሚሻለው በጥያቄ መልክ ማቅረብና ምክንያቱን መንገር ነው። ጭላዳዎቹ ሳይጨልም ለማደሪያ ወደ ገደሉ ይወርዱ የለ? ይህንኑ ንገሯቸው፦ «ሻል ዊ ጎ? ዘ ጌላዳስ ጎ ዳውን ዘ ክሊፍ ቢፎር ዳርክ።» እንግዳው ራሳቸው ይፈጥናሉ።

«አይ አም ሃሪ»

«ቸኩያለሁ» በአማርኛ አንድ ቃል ስለሆነ እንግሊዝኛውንም እናሳጥረዋለን። «አይ አም ሃሪ» ሲባል ሰሚው ስማችሁን የነገራችሁት ሊመስለው ይችላል፤ ሃሪ የሚባል የወንድ ስም አለና። ትክክሉ «አይ አም ኢን ኤ ሃሪ» ነው። «ኤ»ዋን አትርሷት።

ለደብዳቤም «ሃሪ»

ችኮላና አስቸኳይ በእኛ ቋንቋ የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በእንግሊዝኛ የሚቸኩለው ሰው «ኢን ኤ ሃሪ» ነው፤ ደብዳቤው፣ ስብሰባው፣ ጉዳዩ ግን «ኧርጀንት» ይባላል።

ፍጥነትን ከጥድፊያ ማምታታት

ይህን በራሳችን ሰው ላስረዳ። የጃቶው ልጅ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ስለ እሱ «ሂ ራን ፋስት» ነው የምንለው። «ሂ ሃሪድ» ካልን፣ ጊዜ አጥሮት የተዋከበ እናስመስለዋለን። አበበ ደግሞ እርጋታው የሚደነቅለት ሯጭ ነበር። «ሃሪድ» የሚስማማው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያ ለሚጣደፍ መንገደኛ ነው።

አጻጻፉ

«ሃሪ» ሁለት «አር» አለው። ኃላፊ ጊዜ ሲሆን የመጨረሻው «ዋይ» ወደ «አይ» ተቀይሮ «ኢ» እና «ዲ» ይጨመርበታል። «ሃሪይንግ» ስንል ግን «ዋይ» አይነካም።