የኤምኤምኤ ፍልሚያ ከመጀመሩ በፊት አሸናፊውን እንዴት መገመት ይቻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ዩኤፍሲን፣ ማለትም ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የሚቀላቀሉበትን የኤምኤምኤ ውድድር፣ የሚከታተል ሰው ብዙውን ጊዜ ቴኳንዶ ወይም ቦክስ የነካካ ነው። ስለዚህ ግምቱ ወደ ከባድ ቡጢና ወደ ጥሩ እርግጫ ያደላል። ውድድሩ አሜሪካ ሲሆን ዋናው ፍልሚያ እኛ ጋ የሚደርሰው እሁድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ በሚመለስበት ሰዓት ነው። እንቅልፍ ከታጣ አይቀር ግምቱ ቢሰምር ጥሩ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ተፋላሚዎች መነሻ ሙያ ይወቁ። ቦክሰኛ? ታጋይ? የጂዩ ጂትሱ (መሬት ላይ አንቆና መገጣጠሚያ ጠምዝዞ እጅ የማሰጠት ስልት) ሰው? እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ የጂዩ ጂትሱው ሮይስ ግሬሲ የክብደት ምድብ በሌለበት ውድድር በአንድ ምሽት ሦስት ሰው እጅ ሲያሰጥ፣ አብዛኞቹ ተጋጣሚዎቹ መሬት ላይ ምን እንደሚደረግ አያውቁም ነበር። ዛሬ ሁሉም ሁሉንም ይማራል። ሲጨንቀው ግን መነሻው ብቅ ይላል። ለዚህ የቲክቶክ ቅንጭብጫቢ አይረባም፤ እዚያ የሚለቀቀው ዝረራ ብቻ ነው። የተሸነፈበትን አንድ ፍልሚያ ከዳር እስከ ዳር ይዩ።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ፍልሚያው ቆሞ ይሁን መሬት ላይ የሚወስነው ማነው? በእረኛ ትግል ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ አለቀ። እዚህ ግን ገና መጀመሩ ነው። ቡጢ ኃይሉን የሚያገኘው ከእግርና ከወገብ ነው፤ ጀርባው ላይ የተኛ ቦክሰኛ ሁለቱንም አጥቷል። ታጋይን ደግሞ የመጣል ችሎታው ሳይጥልም ይጠቅመዋል። መጣልን የሚፈራ ሰው እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ እግሩ እንዳይያዝ ብሎ እርግጫ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ታጋዩ ካቢብ ቡጢኛውን ማክግሪገርን በሁለተኛው ዙር በቡጢ የጣለው ያለ ነገር አይደለም። በአራተኛው ዙር አንገቱን ይዞ እጅ አሰጠው።

ታዲያ ቦክሰኛው መጣልን እንደሚከላከል በምን ይታወቃል? ታጋዩ ዝቅ ብሎ ወደ እግር ሲገባ ዓይንዎን ከታጋዩ ላይ አንስተው የሌላውን ወገብ ይዩ። ቆሞ በእጁ ብቻ ከገፋ መውደቁ አይቀርም። ሁለት እግሩን ወደ ኋላ ወርውሮ ደረቱን አጥቂው ላይ ከጫነ ግን ታጋዩ ያንን ክብደት ተሸክሞ ይደክማል። በከባድ ቡጢው የሚታወቀውን ፍራንሲስ ንጋኑን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ትግል የተማረው ሚዮቺች ደጋግሞ እየጣለ አድክሞት በነጥብ አሸነፈው። በ2021 እንደገና ሲገናኙ ሚዮቺች ለመጣል ገባ፤ ንጋኑ እግሩን ወደ ኋላ ጥሎ ተጫነው፣ ከላይ ሆኖም መታው። በሁለተኛው ዙር በዝረራ ጨረሰው። ቡጢውማ ድሮም ያው ነበር።

ከወደቀ በኋላ ቶሎ መነሳቱንም ይመልከቱ። ወድቆ ወዲያው የሚነሳ ሰው ብዙም አልተጎዳም። ጀርባው መፋለሚያውን የከበበው አጥር ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ነው አደጋ ላይ ያለው።

አቋቋም፣ ግራኝ መሆን፣ የክንድ ርዝመት፦ እነዚህን የሚያነሷቸው ሁለቱም ቆመው እንደሚፋለሙ ከገመቱ ብቻ ነው። የድልና የሽንፈት ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ማንን አሸንፎ ነው?

በመጨረሻ ትንፋሽ። መደበኛው ፍልሚያ ሦስት፣ የሻምፒዮና ደግሞ አምስት ባለ አምስት ደቂቃ ዙር ነው። ሳያቋርጥ የሚጫን ታጋይ ብዙ አየር ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በማያቋርጥ ግፊቱ የሚታወቀው ኬይን ቬላስኬዝ ትንፋሽ አጠረው። ተጋጣሚው ፋብሪሲዮ ወርዱም ግን ቀደም ብሎ ሄዶ አየሩን ተላምዶ ነበር። ቬላስኬዝ በሦስተኛው ዙር ሊጥለው ሲገባ አንገቱን ሰጠው፣ ታነቀ። ደብረ ማርቆስ ከሜክሲኮ ሲቲም ከፍ ትላለች። አንድ ቀን እዚያ ውድድር ቢዘጋጅ እኔ ግምቴን የምሰጠው ከወር በፊት ለገባው ነው።