መሪ ከአገር ቤት ሲመጣ ወደ አዳራሽ ለምትሄዱ

ንግግሩን ለመስማት ብቻ ከሆነ አትድከሙ፤ ማታውኑ ዩቲዩብ ላይ ታገኙታላችሁ። አዳራሽ የሚኬደው ለመጠየቅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ኡበር እየነዳሁ ስለምኖር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አበሻ ተሳፋሪዎቼ «እንዴት ልሂድ?» ይሉኛል። መልሴ ይኸው።

ስትመዘገቡ ስማችሁን መታወቂያችሁ ላይ እንዳለ ጻፉ። የአባታችን ስም በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በመንጃ ፈቃዱ ሌላ ዓይነት ሆኖ የተጻፈብን ብዙዎች ነን፤ የበሩ ፈታሽ ደግሞ ይህን አያውቅላችሁም። እናቶችን የምታስመዘግቡ ልጆች በተለይ ልብ በሉ።

ፕሮግራሙ በአበሻ ሰዓት፣ ፍተሻው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ በጊዜ ድረሱ፤ ትልቅ ቦርሳ ይቅር። ባንዲራ እንጨት ካለው በር ላይ ሊያስቀሩት ስለሚችሉ ትከሻ ላይ የሚጣለው ይሻላል። ኮከብ ይኑረው አይኑረው የሚለውን ክርክር ግን ሰልፍ ላይ አትጀምሩት፣ በሩ ሳይከፈት ትጣላላችሁ። ውጭ የሚቃወሙ ወገኖች ካሉም ሰላም ብሎ ማለፍ ነው፤ አገሩ ለእነሱም ይፈቅዳል።

ስልካችሁን ወደ መድረኩ እንጂ ወደ ሕዝቡ አታዙሩ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ፣ ወይም አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦቹ እንዳይጠየቁበት የሚሰጋ ሊሆን ይችላል። ፊቱን ሳታስፈቅዱ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁት።

አሁን ወደ ጥያቄው። ማይክ የደረሰው ሰው ከአድዋ ጀምሮ፣ እንግዳውን አመስግኖ፣ ግጥም ጨምሮ፣ ጥያቄው ሳይመጣ ማይኩን ይነጠቃል። እናንተ በወረቀት ጻፉት፤ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ከግማሽ ደቂቃ ካለፈ ቁረጡት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ «አገራችን ወዴት እየሄደች ነው?» ዓይነቱ ለተናጋሪው ሌላ ንግግር መስጠት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2010 ዓ.ም. ዳያስፖራው ለአገር ቤት ልማት በተቋቋመው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ በኩል በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ጠይቀው ነበር። ዛሬ ዕድሉን ባገኝ እንዲህ እላለሁ፦ «ለትረስት ፈንዱ የሰጠነው ገንዘብ በየትኛው ወረዳ ምን እንደሠራ ዝርዝሩን የት እናገኛለን?» በቃ፣ ማይኩን መልሶ መቀመጥ። መተላለፊያው ዳር ብትቀመጡ ማይክ የሚያዞሩት ያዩአችኋል። ካልደረሳችሁ ወረቀቱን ከስማችሁና ከኢሜይላችሁ ጋር ለኤምባሲ ሰው ስጡት፤ ኮፒውን ግን እናንተ ጋ አስቀሩ።

መኪና ይዞ መሄድ የሚባል ነገር የለም። መሪ ሲመጣ ፖሊስ መንገድ ይዘጋል። በሐምሌ 2010 «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» ተብሎ ሕዝቡ የተሰበሰበበት ኮንቬንሽን ሴንተር ባቡር ጣቢያው ደጁ ላይ ነው፦ ማውንት ቬርኖን ስኩዌር፣ በአረንጓዴው ወይም በቢጫው መስመር። ከአሌክሳንድሪያ ቢጫው ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መጥታችሁ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ትቀይራላችሁ፣ ወይም የቀረችውን በእግር ትጨርሳላችሁ። አቅመ ደካማ ይዛችሁ ኡበር ግድ ከሆነም ከበሩ ፊት አትጥሩ፤ ሁለት ሦስት ብሎክ ራቅ በሉ። ነጂው በተዘጋ መንገድ እየዞረ ጉዞውን ከመሰረዝ ይድናል።