ውሃ ከተሻገረ በኋላ አልነሳም ያለ ሞተር ሳይክል፦ የኤሌክትሪክ ችግሮች ከምልክታቸው እስከ መፍትሄያቸው

በጭቃና በወንዝ ውስጥ የሚነዳ ሞተር ሳይክል የኤሌክትሪክ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲዲአይ፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ትንሽ ሳጥን ነው። ውስጡ አይታይም፣ አይፈታም፣ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። እኔ ግን እስካሁን ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የተገኙት ሶኬት ውስጥ፣ የማሳ ሽቦ (ባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩና ከሻንሲው ብረት ጋር የሚያገናኘው) ጫፍ ላይ ወይም ከሻንሲው ጋር ሲፋተግ በቆየ ገመድ ላይ ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ፈትሹ።

ንጹህ ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም። ጉዳቱን የሚያመጣው በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨውና ማዕድን ነው። ውሃው ሲደርቅ ጭቃው እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ይርሳል፤ መዳቡንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዛሬ መንገድ ላይ ያስቀራችሁ ችግር ከወራት በፊት የገባ ውሃ ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ውሃው መሃል ድንገት ጠፋ

የማስነሻውን ቁልፍ አትጫኑ፣ ኪኩንም አትምቱ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ከፍታችሁ እዩ። ማጣሪያው ከራሰ ሲሊንደሩ ውስጥም ውሃ ሊኖር ይችላል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ በዚያ ሁኔታ ሞተሩን በግድ ማዞር የፒስተኑን ዘንግ ሊያጎብጥ ይችላል። ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ንቀሉ፣ ነዳጁን ዝጉ፣ ከዚያ ውሃው ተተፍቶ እስኪያልቅ ሞተሩን አዙሩት።

ማጣሪያው ደረቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል። ካርቡሬተር ባላቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ከካርቡሬተሩ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን የመተንፈሻ ቱቦዎች አሉ። ጫፋቸው ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ ነዳጁ በትክክል መውረዱን ያቆማል፤ ሞተሩም ታንቆ ይጠፋል። ከውሃው ሲወጣ ወዲያው ከተነሳ እነዚህን ቱቦዎች ጠርጥሩ። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ቱቦው ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አስገቡና አንዱን ጫፍ ወደ ላይ፣ ከነዳጅ ታንኩ ሥር አውጡት።

ሲርስ ይንተፋተፋል፣ ሲደርቅ ደህና ይሆናል

ይህ ብዙውን ጊዜ የካንዴላው ኮፍያ ነው። ወደ ካንዴላ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከ10,000 ቮልት በላይ ስለሆነ ቀላሉን መንገድ ካገኘ ካንዴላውን ትቶ በእርጥቡ ጎማ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነሱና ኮፍያው ዙሪያ ትንሽ ውሃ እርጩ። ጎማው ከተሰነጠቀ በኮፍያውና በብረቱ መካከል እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ ብልጭታ ታያላችሁ፤ ቀስ ያለ የመንጣጣት ድምፅም ይሰማል። በእጃችሁ አትንኩት።

ኮፍያውን ከመንቀላችሁ በፊት ዙሪያውን አጽዱ፤ አለበለዚያ ጭቃው ካንዴላው ሲወጣ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ኮፍያው በብሎን መልክ የሚገባ ከሆነ ፈታችሁ የገመዱን ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና ንጹሑ መዳብ ላይ መልሳችሁ አጥብቁት። ብዙ ኮፍያዎች ውስጣቸው 5 ኪሎ ኦም መቋቋሚያ አለ፤ ቁጥሩም ላያቸው ላይ ይጻፋል። በመልቲሜትር ስትለኩት ከተጻፈው እጅግ ከራቀ ወይም ጭራሽ ካላነበበ ቀይሩት። ኮፍያውን ስትመልሱ ጎማው ከንፈር ላይ ስስ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡ።

በዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ በሚቀመጥባቸው ሞተሮች ላይ ውሃው የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ በሲሊንደር ሄዱ ጎን ትገኛለች። ጭቃ ከደፈናት ካንዴላው ኩሬ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። በቀጭን ሽቦ ክፈቷት።

እሳት ጭራሽ የለም

ካንዴላውን ኮፍያው ላይ እንዳለ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ሞተሩን አዙሩ። ከሲሊንደሩ ቀዳዳ አርቃችሁ ያዙት፤ ከዚያ የሚወጣው የነዳጅ ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል። እሳት (ጫፉ ላይ የሚታይ ብልጭታ) ከሌለ በአዲስ ካንዴላ ድገሙት። አሁንም ከሌለ ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ሂዱ።

በብዙ ቀላል የእንዱሮና የሞቶክሮስ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ ቁልፍ ሞተሩን የሚያጠፋው አንድ ሽቦ ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው። ቁልፉ ውስጥ እርጥብ ጭቃ ከገባ ሁልጊዜ እንደተጫነ ይቆጠራል። ሽቦውን ከሶኬቱ ንቀሉና እንደገና ሞክሩ፤ እሳት ከመጣ ጥፋቱ ተገኘ። ሞተሩ ሊነሳ ስለሚችልና በቁልፉም ስለማይጠፋ፣ ፍሬን ይዛችሁ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ እንደምታጠፉት አስቀድማችሁ አስቡ። ባትሪ ባላቸው ብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ደግሞ ቁልፉ የሚሠራው በተቃራኒው፣ ኤሌክትሪኩን በመቁረጥ ነው፤ እዚያ የምትፈልጉት የዛገ መገናኛ ነው። የጎን መቆሚያውንና የፍሪሲዮኑን ስዊች በዚያው ፈትሹ፤ በተለይ የመቆሚያው ስዊች የፊተኛው ጎማ የሚረጨው ጭቃ ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሲዲአይ ቀይሬ፣ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛውን ቮልት የሚሰጠውን) ቀይሬ እሳቱ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ አስቸግሮኛል። በመጨረሻ ያገኘሁት መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ያለ ሽቦ ነው። ላስቲኩ ሙሉ ነበር፤ ምንም ቁስል አይታይበትም። በጣቶቼ ስጎትተው ግን አንድ ቦታ ላይ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ተበጥሷል። ከዚያ ወዲህ መልቲሜትሩን በሚጮህበት ቦታ ላይ አድርጌ፣ ሽቦውን በሁለት ጫፉ ይዤ፣ መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ ሳላዞር ሌላ ዕቃ አልነካም። ጩኸቱ ከተቋረጠ ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል

የፒክአፕ ኮይል (እሳቱ መቼ እንደሚመጣ ለሲዲአይ የሚጠቁመው)፣ የስታተር (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ወይም የኮይል ጥቅል ሽቦ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ ስንጥቁ ይከፈታል። ቀዝቅዞ ሳለ ብትለኩት ጤነኛ ሆኖ ስለሚታይ፣ ልክ እንደጠፋ በትኩሱ ለኩት።

የስታተሩን ሽፋን ደግሞ ክፈቱት። ትኩስ ሞተር ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በሽፋኑ ውስጥ ያለው አየር በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፤ ሽቦው በሚወጣበት ጎማ ወይም በደከመ ጓርኒሲዮን (የሽፋኑ ማሸጊያ) በኩል ውሃ ይስባል። ማለትም ውሃው በራሱ ሰርጎ አይገባም፣ ሞተሩ ነው የሚጠጣው። ያለ ዘይት በሚሠሩ ሽፋኖች ውስጥ ውሃው እዚያው ይቀመጥና ማግኔቱን ያዝገዋል። ጥልቅ ውሃ ከመሻገራችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ አጥፍታችሁ አቀዝቅዙት።

ሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) ጠቅ ብሎ ይቀራል

ጤናማ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያነባል። 12.0 አካባቢ ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ ማሳውን ለኩ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጋችሁ ማስነሻውን ተጫኑ። ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ኤሌክትሪኩ በዛገ ብሎን ወይም በቀለም ላይ እየታገለ ነው፤ ፈታችሁ ብረቱ እስኪያበራ ፍቁት፣ አጥብቁት፣ ከዚያ በላዩ ላይ ግራሶ ቀቡ።

ባትሪው አይሞላም

ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር አስነስታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚገድበው ዕቃ) ተበላሽቷል፤ አምፖል መፍጀት ከጀመረም ምክንያቱ ይኸው ነው። የማይጨምር ከሆነ ከስታተሩ የሚመጡትን ሦስት ሽቦዎች፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ናቸው፣ ከሶኬታቸው ለዩ። በየሁለቱ መካከል የሚነበበው ኦም እኩል መሆን አለበት፤ አንዳቸውም ከሞተሩ ብረት ጋር መገናኘት የለባቸውም። ሶኬቱ ራሱ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ካገኛችሁት፣ መገናኛው ዝጎ ስለታገለ ግሏል ማለት ነው። አዲስ ሬጉሌተር በዚያ ሶኬት ላይ አትሰኩ።

ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል

የሆነ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል። ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ ወይም ሽቦ መተካት ገመዱን ሙሉ ያቃጥላል። በፊውዙ ቦታ የፊት መብራት አምፖል አስገቡና ቁልፉን ክፈቱ፤ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ከበራ ንክኪው አለ። ከዚያ ሽቦዎቹን ከመሪው አንገት ጀምራችሁ እስከ መቀመጫው ሥር አንድ በአንድ አንቀሳቅሱ። አምፖሉ የደበዘዘበት ቦታ ላይ ቁሙ።

ውሃ መከላከል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሶኬቱን በናስትሮ ጠቅልሎ በሲሊኮን ይደፍነዋል። ውሃው ግን በሽቦው ላይ ተንሸራቶ፣ ወይም ሙቀቱ ሲቀዘቅዝ ተስቦ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። የገባው መውጣት መቻሉ እንዳይገባ የመከልከልን ያህል አስፈላጊ ነው። ሶኬቱን አፉን ወደ ታች አዙሩ። ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ይርገብ፤ ጠብታው እዚያ ይወድቃል።

ሶኬቶቹን ነቅላችሁ በኮንታክት ማጽጃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ የላሉትን ጥርሶች አጥብቁ፣ ከዚያ ስስ የዳይኤሌክትሪክ ግራሶ ቀቡ። ይህ ግራሶ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሥራው ውሃን ከብረቱ ማራቅ ነው። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ፈሳሽ የተሠራው ገና ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃን ለማባረር ነው፤ መንገድ ላይ የራሰ ኮፍያ ለማድረቅ ይረዳል፤ በግራሶ ቦታ ግን አይቆይም።

ሲሊኮን የግድ ካስፈለገ ኮምጣጤ የሚሸት አትጠቀሙ፤ የሚለቀው አሲድ መዳብ ይበላል። የተበጠሰ ሽቦ ስትቀጥሉ በመሣሪያ ጨፍልቃችሁ አያይዙት፣ በላዩም ውስጡ ማጣበቂያ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሱት። በቆርቆሮ የተበየደ ሽቦ ጠርዙ ላይ ስለሚደርቅ በንዝረት ይሰበራል።

በኃይለኛ የውሃ ግፊት ስታጥቡ ቧንቧውን ወደ ሶኬት፣ ወደ ሬጉሌተርና ወደ ኩሽኔታ አታነጣጥሩ። ካጠባችሁ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ አሙቁት፤ ሲጠፋም የካንዴላውን ጉድጓድ በአየር ንፉ።