ተማሪው ከዋርድ እንዳይጠፋ

የነርሲንግ ተማሪ ትምህርቱን ሲያቋርጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውጤቱ ነው። ክላስ ውስጥ ደህና ነጥብ የነበረው ልጅ ግን አታችመንት (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ሲጀምር መቅረት ሲያበዛ ይታያል። ብዙዎቹ ነርሲንግ የደረሳቸው በምደባ እንጂ በምርጫ አይደለም፤ ልባቸው ሌላ ዲፓርትመንት ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሙያው ጋር የሚያስታርቀውም የሚያባርረውም ዋርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ስለሆነ፣ ይህ የተጻፈው እዚያ ለሚያስተምሩ ክሊኒካል ኢንስትራክተሮችና ተማሪ ለሚቀበሉ ስታፍ ነርሶች ነው።

አስቀድማችሁ የስም ዝርዝሩን ለዋርዱ ኃላፊ ስጡና እያንዳንዱን ተማሪ ከአንድ ነርስ ጋር መድቡ። ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ፣ ጓንትና ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) የት እንዳለ፣ ሽንት ቤቱ የቱ እንደሆነ አሳዩ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ «አንተ ተማሪ» እየተባለ ኮሪደር ላይ ቆሞ የዋለ ልጅ ግን በማግስቱ ላይመጣ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ታካሚ ይበቃዋል።

ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀትና የመሳሰለውን) ሲወስድ፣ በተለይ የደም ግፊት ሲለካ፣ አጠገቡ ቁሙ። ቻርቱ ላይ 120/80 ከተደጋገመ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ምናልባት በማዳመጫው የደም ሥሩን ድምፅ አልሰማም፣ አልሰማሁም ማለትም አፍሯል። የተለመደው ጥፋት አየሩን ቶሎ መልቀቅ ነው። ጠቋሚው በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ እንዲወርድ ቫልቩን አብራችሁት ያዙ። ከልብስ በላይ አስሮ ከሆነ ፈትቶ ባዶ ክንድ ላይ ይሰር። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ እናንተም ለክታችሁ ቁጥሮቹን አስተያዩ።

ሲሳሳት ታካሚ ፊት አትቆጡት። የሚያሰጋ ነገር ከሆነ «ቆይ፣ አብረን እንሥራው» በሉ፤ ማስረዳቱ በኋላ ሜዲኬሽን ክፍል (መድኃኒት የሚዘጋጅበት) ስትገቡ ይደርሳል።

በመርፌ መወጋት ብቻውን አንድ ተማሪ ሊያስኮበልል ይችላል። ቁጣ የፈራ ልጅ ይደብቃል፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ በመጨረሻ ዋርዱን ይሸሻል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ይነገረው፦ የተጠቀመበትን መርፌ አይክደን፣ ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ከሞላ ይዘጋ። ከተወጋ ሳይጨምቅ በሳሙናና ውኃ ይታጠብና ወዲያው ይናገር። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቢቻል በ2 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ሌሊት ማን ጋር እንደሚደወል ቁጥሩን ይያዝ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ0፣ በ1ኛና በ6ኛ ወር ስለሚሰጥ ዋርድ ላይ መሥራት ከመጀመሩ ከወራት በፊት ቢጀመር ነው የሚሻለው።

ታካሚ ሲሞትበት ሬሳ እንዲያዘጋጅ ብቻውን አትላኩት። አብራችሁት ሥሩ፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣ።

ለመሄድ የተዘጋጀ ተማሪ ያስታውቃል፦ ሎግ ቡኩ (የሠራውን ሥራ የሚመዘግብበት ደብተር) ባዶ ነው፣ ነርስ ስቴሽን ተቀምጦ ቻርት ያገላብጣል፣ ሰኞ ሰኞ ይቀራል። «ለምን ቀረህ?» ካላችሁት «አሞኝ ነው» ይላችኋል። «የትኛው ፕሮሲጀር ነው የከበደህ?» ብላችሁ ጀምሩ፣ ትራንስፖርቱንና ቁርሱንም ጠይቁ፤ ሰርቪሱ የግቢው ካፌ ሳይከፈት የሚነሳ ከሆነ ጾሙን ነው የሚቆመው። 4ኛ ዓመት ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና አስጨንቆት ላይብረሪ ገብቶ ይሆናል፤ ያየውን ኬዝ በጥያቄ መልክ ብትከልሱለት ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልሂድ ካለ ዝም ብሎ አይጥፋ። ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ይሙላ፣ ክሊራንስ ይጨርስ፣ ኮፒውን ይያዝ። ልመለስ ያለ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያንን ወረቀት ነው።