ለሩማቶይድ አርትራይተስ ክትትል እንዴት እንደሚዘጋጁ፦ ብግነቱን ከሌላው ሕመም መለየት

ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች አጥቅቶ ብግነት፣ ማለትም እብጠትና ሕመም፣ የሚያስከትልበት በሽታ) ላለበት ሰው ሐኪሙ የበሽታውን እንቅስቃሴ በነጥብ ይለካል። በብዛት የሚታወቀው መለኪያ ዳስ 28 ነው፤ ከ2.6 በታች በሽታው ጋብ ብሏል፣ ከ5.1 በላይ ደግሞ በርትቷል ይባላል። እዚህ ሐዋሳ በምከታተልበት ጊዜ ነጥቤ ከፍ በማለቱ ብቻ መድኃኒት ተጨምሮልኝ ነበር። የተሻለኝ ግን እንቅልፍ ማጣቴና ድባቴዬ ሲታከሙ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ጠዋት ሰውነትዎ እስኪፍታታ የሚወስደውን ጊዜ፣ እንቅልፍዎንና ስሜትዎን ይመዝግቡ። ተራ ደብተር ከስልክ መተግበሪያ ይሻላል፤ ሐኪሙ ገልጦ ወዲያው ያነበዋል።

የሁለት እጅ ሥዕል ይሳሉና የሚያመውን መገጣጠሚያ በክብ፣ ያበጠውን በመስቀል ምልክት ያድርጉበት። በብግነት ያበጠ መገጣጠሚያ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል።

ዋናው ሥራ ነጥቡን ወደ ክፍሎቹ መበተን ነው። ዳስ 28 አራት ነገሮችን ይደምራል፦ ከ28 መገጣጠሚያዎች ሲነኩ የሚያሙትን፣ ያበጡትን፣ የደም ምርመራ ውጤትን (ለምሳሌ ብግነት ሲኖር ከፍ የሚለውን የደም ዝቃጭ) እና ታማሚው ራሱ ስለ ጤናው ከ0 (በጣም ደህና) እስከ 100 (በጣም መጥፎ) የሚሰጠውን ግምት። በስሌቱ ውስጥ ሕመም ከእብጠት እጥፍ ክብደት አለው። 16 መገጣጠሚያ የሚያመው፣ 1 ብቻ ያበጠበት፣ የደም ዝቃጩ 20 የሆነና ለራሱ 70 የሰጠ ሰው 5.6 ያመጣል። ሌላው ቁጥር ሳይለወጥ 16 ያበጠበትና 1 ብቻ የሚያመው ሰው ግን 4.8 ገደማ ነው። ብግነት የበዛበት ሁለተኛው ሆኖ ሳለ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘው የመጀመሪያው ነው!

ፋይብሮማያልጂያ የተባለው፣ ያለ ብግነት መላ ሰውነትን የሚያሳምም በሽታ የሚገባው በዚህ በር ነው። ነርቮች የሕመምን ስሜት ያጎላሉ፤ አንገት፣ ጀርባና ዳሌ ከሦስት ወር በላይ ያማል፣ ተኝተው ቢነሱም ድካሙ አይለቅም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የብግነት መድኃኒት ግን አይደርስበትም። ጭንቀትና ድባቴም ታማሚው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት ያንራሉ። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ ሌሊት ተነስቶ፣ እንቅልፍ ሳያገኝ የደረሰ ሰው ደህና ነኝ ብሎ እንዴት ይሞላል?

ስለዚህ ሐኪሙን ድምሩን ብቻ ሳይሆን «ስንቱ ያማል? ስንቱ አብጧል?» ብለው ይጠይቁ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ስለ ፋይብሮማያልጂያ ያንሱ፤ የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ ብግነት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል። ሐዘንዎንም አይደብቁ። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ እንዲሞሉት ይጠይቁ።

ሩማቶይድ አርትራይተስና ፋይብሮማያልጂያ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ የሩማቶይድ አርትራይተስ መድኃኒት የሆነውን ሜቶትሬክሴትን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከተከተለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።