ላንድክሩዘር ቪ8 ለረጅም ጉዞ ሲዘጋጅ የሚታዩ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 ድረስ የተመረተውና በተለምዶ «ቪ8» የምንለው ላንድክሩዘር 200፣ በተለይም ባለ 4.5 ሊትሩ መንትያ ቱርቦ ናፍታ፣ በአገራችን ለረጅም ጊዜ የባለሥልጣንና የኤምባሲ መኪና ሆኖ ኖሯል። አሁን ግን በጨረታና በደላላ በኩል ወደ ግለሰብ እጅ እየገባ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ዳናኪልን፣ ኦሞንና ስሜንን በራሱ መኪና ማየት የሚሻ ሰው ያገለገለውን ገዝቶ ማዘጋጀት ግድ ሆኖበታል።

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች ከአንዱ ወይም ከሁለቱ በቀር ከፋብሪካው ጋር የመጡ አይደሉም፤ መኪናው ከተገዛ በኋላ በተገጠመበት ዕቃ ምክንያት የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ምልክት በታየ ቁጥር አስቀድሞ ማጣራት የሚገባው በመጨረሻ ምን እንደተጨመረበትና ማን እንደገጠመው ነው።

ከኋላ ይተኛል፣ ኮረኮንች ላይ ይመታል

ጭነት ሲሞላ የመኪናው ጀርባ ይወርዳል፣ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ይበራል፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ከኋላ የመመታት ድምፅ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ብዙ ጋራዦች አሞርዛተሩ ሞቷል ብለው ያስቀይራሉ። አሞርዛተሩ በእርግጥ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው መንስኤ ግን በአብዛኛው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊደረስበት የሚችል ነው። መኪናው ባዶውን 2,700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት በብዙ ገበያዎች 3,350 ኪሎ ነው፤ የሚቀረው 650 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። ለምሳሌ የብረት ፓራውልት 70፣ ዊንች (መጎተቻው) 40፣ ፖርቶመጋላ 50፣ የጣሪያ ድንኳን 60፣ ተጨማሪ ጎማ ከነቸርኬው 35 ኪሎ ቢሆንና አምስት ሰዎች በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ድምሩ 630 ይደርሳል። ውሃው፣ ምግቡ፣ ፍሪጁና ጄሪካኑ ገና አልተጫኑም።

መፍትሄው ጠንካራ ሞላ ከመግዛት አይጀምርም። መኪናውን ለጉዞ እንደሚወጣበት ቀን አድርጎ ጭኖና ነዳጁን ሞልቶ ሚዛን ላይ ማውጣት፣ የፊቱንና የኋላውን አክሰል ለየብቻ ማስመዘን፣ ከዚያም ሊቀነስ የሚችለውን መቀነስ ይቀድማል። ሞላ የሚመረጠው በመኪናው ላይ ሁልጊዜ በሚኖረው ክብደት ልክ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚጫን ጭነት ተብሎ ከባድ ሞላ የተገጠመበት መኪና በቀረው ጊዜ ሁሉ ባዶውን ሲነዳ የተሳፋሪውን ወገብ ይቀጣል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ በፊት መውረድ ያለበት የጣሪያ ድንኳን ነው፤ መሬት ላይ የሚተከል ድንኳን ክብደቱ ትንሽ ነው፣ መኪናውንም በጎን ዳገት ላይ አያስፈራራም።

አዲስ ሞላ ከተገጠመ በኋላ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል

ይህን ችግር በራሴ መኪና ላይ አይቼዋለሁ። መኪናው 50 ሚሊሜትር ከፍ እንዲል ሞላው በአራቱም ጎማ ተቀየረ፤ ከጋራዡ ሲወጣ ግን ግራው ከቀኙ 22 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ሠራተኞቹ ሞላዎቹን ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ አቀያየሯቸው፤ ለውጥ አልመጣም። ጥፋቱ ከሞላው እንዳልሆነ ያኔውኑ መታወቅ ነበረበት፤ ምክንያቱም ሞላው ጎን ሲቀይር ማዘንበሉ አብሮት አልሄደም።

ከፍ ባለ ደረጃ የተሠሩት ቪ8ዎች ኬዲኤስኤስ የሚባል ሥርዓት አላቸው። መኪናው በኩርባ ላይ እንዳይጋደም የሚይዙት የፊቱና የኋላው ስታቢላይዘሮች በዘይት ቱቦ የተያያዙ ሲሆኑ፣ መንገዱ ሲከፋ ዘይቱ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ጎማዎቹን ነፃ ይለቃቸዋል። ቱቦዎቹ የሚገናኙት በሻንሲው ግራ በኩል ባለ አንድ አካል ላይ ሲሆን፣ እዚያ ሁለት መዝጊያ ቡሎኖች አሉ። ሞላ ሲቀየር እነዚህ ቡሎኖች ካልላሉ ስታቢላይዘሮቹ ተወጥረው ይቀሩና መኪናውን ወደ አንድ ጎን ይስቡታል።

መፍትሄው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። መኪናው በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ በአራት ጎማው ይቆማል፤ የአራቱም ጎማ አየር እኩል ይደረጋል፤ ሁለቱ ቡሎኖች ከሁለት እስከ ሦስት ዙር ይላላሉ። ውስጡ ጫና ያለበት ዘይት ስላለ ቡሎኖቹ ፈጽሞ መውለቅ የለባቸውም። ከዚያ መኪናው ከፊትም ከኋላም ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይለቀቅና በራሱ ቁመት ሲያርፍ ቡሎኖቹ መልሰው ይጠብቃሉ። በእኔ መኪና ላይ 22ቱ ሚሊሜትር ወደ 6 ወረደ፤ 6 ሚሊሜትር ደግሞ ሹፌሩና ነዳጁ የሚያመጡት ልዩነት ነው። ለዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአራቱም ጎማ ላይ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት ለክቶ መጻፍ ነው፤ ያልተለካ መኪና ከሥራው በኋላ ለክርክር ይዳርጋል።

መሪው አልመለስ ይላል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ይላል

መኪናው ከፍ ሲል የፊት ጎማው አቀማመጥ ይለወጣል፤ ከኩርባ በኋላ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው የካስተር ማዕዘን ስለሚቀንስም መሪው የሰነፈ ይመስላል። ከከፍታው በኋላ አላይመንት ማሠራት ግዴታ ነው፤ አላይመንቱ በፋብሪካው ማስተካከያ የማይደርስ ከሆነ ለከፍታው የተሠራ የላይ ክንድ ያስፈልጋል። የቀጭ ቀጭ ድምፁ ግን የሌላ ነገር ምልክት ነው። የፊት ሻፍቱ ከሚችለው በላይ ተጣሞ እየሠራ የመጋጠሚያው ላስቲክ መሸፈኛ ተቀዶ ግራሶው ወጥቷል፣ ወይም መጋጠሚያው ራሱ ተበልቷል። ከ50 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ማድረግን የማልመክረው ለዚህ ነው።

ጎማም እንዲሁ ነው። 285/60 አር18 የነበረው በ285/70 አር17 ቢተካ ዲያሜትሩ ከ799 ወደ 831 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ይህም 4 በመቶ ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው ቀድሞ ይሄድ ከነበረው 4 ኪሎሜትር ጨምሮ ይሄዳል ማለት ነው። ቸርኬ ሲገዛ ባለ አምስት ቀዳዳ መሆኑንና ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 150 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ከፍሬን ካሊፐሩም ጋር አለመነካካቱን ገጥሞ ማየት ያስፈልጋል።

ጉልበት ያጣል፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል

ሞተር ከሚገድሉት ችግሮች አንዱ ይህ ስለሆነ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል። ጥቁር ጭስ ማለት ለተረጨው ናፍታ የሚበቃ አየር አልደረሰም ማለት ነው። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ባለው መስመር የቱቦ ማሰሪያው (ፋሸታው) ላልቶ ወይም የጎማ ቱቦው ተሰንጥቆ አየሩ እየወጣ ከሆነ፣ በዳገት ላይ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ በተፈታው መጋጠሚያ ዙሪያም የዘይት እርጥበት ይታያል። ይህ ቀላሉ ነው።

አስቸጋሪው አቧራ ነው። የአፋርና የኦሞ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ትንሽ ክፍተት ይበቃዋል፤ ወደ ቱርቦው ከገባ ቢላዎቹን ይሞርዳል፣ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ደግሞ የፒስተኑን ቀለበት (ፋሻውን) ይበላና መኪናው ዘይት መጠጣት ይጀምራል። መንገዱን የሚከፍቱለት ሦስት ልማዶች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ አየር ያስገባል ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት የሚቀባ ፊልትር መግጠም ነው። ሁለተኛው የወረቀት ፊልትሩን በኮምፕሬሰር እየነፉ ደጋግሞ መጠቀም ነው፤ ኃይለኛው አየር ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይበሳዋል። ሦስተኛው ከፍ ያለ የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ ማለትም ስኖርክል፣ አስገጥሞ መጋጠሚያዎቹን አለመድፈን ነው። ውሃ እንዳይገባ የተገጠመው ስኖርክል በመጋጠሚያው ክፍተት አቧራ ሲያስገባ ከርሞ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምርመራው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ከፊልትሩ ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ወይም ጥቂት ዘይት ብቻ ካሳየ መልካም ነው። እንደ ቀይ ጤፍ ዱቄት ያለ ነገር ከያዘ ግን መኪናው ምክንያቱ ተገኝቶ ሳይስተካከል አቧራ ላይ መውጣት የለበትም። ስኖርክሉን ለመፈተን ሞተሩ ያለ ነዳጅ ፔዳል በዝግታ እየሠራ አፉን በወፍራም ላስቲክ መሸፈን ነው፤ መጋጠሚያው ሁሉ የታፈነ ከሆነ ሞተሩ ይንገዳገድና ይጠፋል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ከቀጠለ አየር በሌላ በኩል እያገኘ ነው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ደፍኖ፣ ዋናውን የወረቀት ፊልትር አስገብቶ፣ የፊልትሩን ቤት ማያያዣዎች በእጅ አንድ በአንድ መፈተሽ ይገባል። ጉልበት ለመጨመር ቺፕ ማስገባት የሚፈልግ ሰውም ይህ ሳይጣራ ባያስገባ ይሻለዋል።

ጭስ ሳይኖር ጉልበት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የናፍታ ፊልትሩን ማየት ነው። በገጠር ከበርሜል የሚቀዳ ናፍታ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ የዚህ ሞተር ኢንጀክተሮች ደግሞ ውሃን አይታገሡም፤ ስምንቱን መቀየር የሚያስወጣውን ገንዘብ የሰማ ሰው ሁለተኛ የውሃ መለያ ፊልትር ለማስገጠም አያመነታም።

ቆላ ሲወርድ ይሞቃል

በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ከመደበኛው ሙቀት ጥቂት ቢያልፍም መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ መርፌው ሲነሳ ነገሩ አስቀድሞ ከፍቷል። የመኪናው ኮምፒዩተር በሚነበብበት በኦቢዲ መሰኪያ ላይ ርካሽ መሣሪያ ሰክቶ ቁጥሩን ማየት ይሻላል፤ ከ105 ዲግሪ ሲያልፍ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ በራዲያተሩ ፊት የተደረደረው ዊንችና ክብ መብራት ነው፤ አለዚያም በኤሲው ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መካከል የደረቀ ጭቃና ገለባ ነው። በቀስታ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ማጠብ ይገባል፤ ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ግን ቅጠሎቹን ያጣምማል። አሸዋ ላይ ደግሞ ዝቅተኛውን ማርሽ፣ ማለትም ኤል4ን፣ ቀድሞ ማስገባት ለአውቶማቲክ ካምቢዮው እፎይታ ነው።

ፍሪጁ ሌሊት ይጠፋል፣ ጠዋት ሞተሩ አይነሳም

ከናፍታ ቪ8ዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሁለት ባትሪ ይዘው ስለሚመጡ ባለቤቱ አንዱ ለፍሪጅ የተመደበ ይመስለዋል። ሁለቱም ግን ለማስነሻ በአንድነት የታሰሩ ናቸው፤ ፍሪጁ አንዱን ሲያደክም ሌላውንም አብሮ ያደክማል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ፍሪጁ ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የሽቦው ቅጥነት ነው። ከባትሪው እስከ ሻንጣው 5 ሜትር ቢሆን ሽቦው ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነው፤ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በ5 አምፔር 0.6 ቮልት ገደማ ያባክናል፤ ባለ 6 ቢሆን 0.15 ብቻ። በመሆኑም ወፍራም ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ከኋላም የራሱ ቻርጀር ያለው ሦስተኛ ባትሪ ያስፈልጋል።

ጭቃ ከተሻገረ በኋላ የባትሪ መብራት ይበራል

ዲናሞው በሞተሩ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚገኝ ጭቃ ይሞላዋል፤ ቀድመው የሚበሉት ካርቦኖቹ ናቸው። ጭቃው ሳይደርቅ በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ በቀስታ ማጠብና መለዋወጫ ካርቦን ይዞ መጓዝ ይበቃል።

ወደ በረሃ ሲወርዱ ጎማ ማስተንፈስ

ከሙቀቱ የተነሣ ጎማው ይፈነዳል በሚል ስጋት ገና አዋሽ ላይ አየር የሚቀንሱ አሉ። አዲስ አበባ ላይ በ15 ዲግሪ በ35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ወደ ባሕር ወለል ወርዶ 40 ዲግሪ ላይ ሲቆም፣ ሙቀቱ የጨመረውን የአየሩ ግፊት ከውጭ ያካክሰዋል፤ መለኪያው እዚያው 35 አካባቢ ያሳያል። ስለዚህ አስፋልት ላይ ሳሉ መቀነስ አያስፈልግም፤ የሚቀነሰው አሸዋው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ነው፣ ወደ 18 ወይም 20 ድረስ። ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሶ የሚሞላ ኮምፕረሰር ካልተያዘ ግን መቀነሱም መቅረት አለበት።