ከበረት እስከ ማዕድ፦ ከብት አርቢ ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከብት በሚረባበት ቤት ሕፃን ልጅ በተቅማጥ ሲታመም ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው የበላው ምግብ ወይም የጠጣው ውኃ ነው፤ ጠዋት አዛባ የዛቀውን እጅ የሚጠረጥር እምብዛም የለም። ከሁሉ የከፋ የምለው ስህተትም «ላሟ ጤነኛ ናት፤ እበቷ ምን ይጎዳል?» የሚለው እምነት ነው። ኢ ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ በላም፣ ካምፒሎባክተር ደግሞ በዶሮ አንጀት ውስጥ እንስሳቱን ሳያሳምሙ ይኖራሉ፤ ወደ ሰው ሆድ ሲገቡ ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በሕፃናት ላይ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

ሁለተኛው ስህተት እጅን በውኃ ብቻ ማለቅለቅ ነው። ኩበት ስትጠፈጥፍ የቆየች እናት እጇን ለቅለቅ አድርጋ በቀሚሷ ከጠረገች በኋላ እንጀራ ስትቆርስ፣ እበቱ ከዓይን ቢጠፋም በጥፍሯ ሥርና በቀለበቷ ዙሪያ የቀረው ለልጇ በምታጎርሰው ጉርሻ ይሻገራል። ሳሙና በጠፋ ጊዜ በአመድ አሽቶ መታጠብ እንኳ ከባዶ ውኃ ይሻላል።

ጥጃና ዶሮን ከጅብና ከሌባ ለመጠበቅ ቤት ውስጥ ማሳደር የቆየ ልማድ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ነገር ግን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተቅማጥ የያዘው ጥጃ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ሊጥል ይችላል። ይህ ተውሳክ ለመጠጥ ውኃ በሚጨመረው የክሎሪን መጠን አይሞትም፤ ውኃውን ማፍላት ግን ይገድለዋል። የሚድህ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ፣ የዶሮ ኩስም ቢሆን፣ ወደ አፉ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ሲደጋገም የትንሹን አንጀት ግድግዳ ስለሚጎዳው፣ ልጁ የሚበላው በአግባቡ ሳይዋሐደው ቀርቶ እድገቱ ሊቀጭጭ ይችላል። ስለዚህ ጠባብም ብትሆን፣ በእንጨት የተከለለች የእንስሳት ማደሪያ ከብዙ መድኃኒት ትበልጣለች።

ወተትን እንደታለበ በትኩሱ መጠጣትም ሌላው ስህተት ነው፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ እንዲሁም አንጀትን ሊይዝ የሚችለውን የከብት ነቀርሳ ያስተላልፋል። በወይራ የታጠነ ዕቃ ለወተቱ መልካም መዓዛ ይሰጠዋል እንጂ ዋስትና አይሆነውም፤ እርጎ መሆኑም ብቻውን አይበቃም። ወተቱ በእሳት መፍላት አለበት።

በግ ታርዶ ውኃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገኝ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ከዚህ ከተበላው ከረጢት ወጥቶ በውሻው አንጀት ውስጥ የሚያድገው ትል እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይጥላል፤ እንቁላሉም ከውሻው ጠጉር ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ አልፎ በሰው ጉበት ላይ ለዓመታት እየሰፋ የሚሄድ ውኃ ያዘለ ከረጢት ይሠራል። እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል። የኮሶ ትል ጉዞ ግን ከሰው ይጀምራል፦ ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው ግጦሹን ይበክላል፣ በሬው የትሉን እጭ በጡንቻው ይይዛል፣ ጥሬ ሥጋው ደግሞ ለሰው ይመልሰዋል።

በመጨረሻም፣ ለከብት የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ መድኃኒት ለታመመ ሰው መስጠት አደገኛ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦአርኤስ (በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ወዲያውኑ መጀመር፣ ደም ከታየበት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። እዚያም ስለ ምግቡ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ጥጃ መኖሩንና ልጁ ጥሬ ወተት መጠጣቱን ለባለሙያው ይንገሩ።